ከሰሉ ሲዘጋ «ፍሌክሲብል ጀነሬሽን» የሚሉት ነገር በእርግጥ ምን ይሠራል?

ፈረቃ ሦስት ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ እባካችሁ ታገሡኝ።

የምሠራው በድንጋይ ከሰል የሚሠራ ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው። ተርባይን ክፍል፣ በፈረቃ፣ 11 ዓመት ሆኖኛል። የድርጅቱ ስም ይለፈኝ። ባለፈው ሳምንት አስተዳደሩ ሰብስቦን ከሰሉ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚዘጋ ነገረን። መዘጋቱ አላስደነገጠኝም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ነገር ከማንም በላይ እኛ እናውቀዋለን። ያልገባኝ የሚተካው ነገር ነው። አንድ ሥዕል አሳዩን፤ በግራ በኩል ከሰል፣ በቀኝ በኩል ነፋስ፣ ፀሐይ እና «ፍሌክሲብል ጀነሬሽን» (እንደ ፍላጎቱ ከፍ ዝቅ የሚል ማመንጫ ማለታቸው ነው) የሚል ሳጥን። እጄን አውጥቼ ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩ። «ባትሪ እና የመሳሰሉት» ተባልኩ። ስብሰባው በዚያው አለቀ።

እኔ የማውቀው ማሽኔን ነው። ከመቆጣጠሪያ ማዕከል ተደውሎ ጨምሩ ሲባል እንጨምራለን፣ ቀንሱ ሲባል እንቀንሳለን። እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ነው፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ለማስነሳት ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ግን አለ። ሌሊትም አለ፣ ነፋስ በሌለበት ቀንም አለ። ነፋስን ማን ደውሎ ይጠራዋል?

የምታውቁ ካላችሁ አስረዱኝ። 600 ሜጋ ዋት ከሰል ዘግቶ 600 ሜጋ ዋት ነፋስ መትከል መተካት ይባላል ወይ? ያ ሳጥን ውስጥ ያለው ነገር ሥራው ምንድን ነው? ደግሞ በግልጽ ልናገር፣ እንደኔ ዓይነቱ ሰው በዚያ ሥዕል ላይ የት ነው ያለው?

---

ሃምሳ ኸርዝ መለሰች፦

ወንድሜ፣ እኔ የምሠራው ግሪድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መረቡ፣ መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። «ጨምሩ፣ ቀንሱ» ብሎ የሚደውልልህ ሰው ማለት እንደኔ ያለው ነው። ስለዚህ ከዚህኛው የስልክ ጫፍ የሚታየውን ልንገርህ።

የመጀመሪያው ጥያቄህ አጭር መልስ አለው። መተካት አይባልም። ምክንያቱ ግን ሰው በተለምዶ የሚለው «ነፋስ አንዳንዴ ይቆማል» ብቻ አይደለም። የናንተ ማሽን የሚሠራው ሥራ አንድ አይደለም። አንዱ ኃይል መስጠት ነው፣ ሰው ሁሉ የሚቆጥረው እሱን ነው። ሌላው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መብራትና ምድጃ በሚያበራበት ምሽት ላይ መገኘት ነው። እንዲሁም ፍላጎት ሲወጣና ሲወርድ አብሮ መውጣትና መውረድ። አራተኛውን ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ስትሠሩት አይታያችሁም፣ ማንም ስላልከፈለበት ማንም አልቆጠረውም።

እሱ የዘንጉ ክብደት ነው። በ50 ኸርዝ ግሪድ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለስበት (ፍሪኩዌንሲ የምንለው ይህን ቁጥር ነው)፣ ላይ ያለ የእንፋሎት ተርባይን በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞራል። ያ ሁሉ ብረት በዚያ ፍጥነት ሲዞር ውስጡ ኃይል ተጠራቅሟል። ራቅ ያለ ቦታ አንድ ማመንጫ በድንገት ሲወድቅ፣ ማንም ሳይደውል፣ ማንም ቁልፍ ሳይነካ፣ እንፋሎቱን የሚመጥነው ገዥ ቫልቭ እንኳ መንቀሳቀስ ሳይጀምር፣ የናንተ ዘንግ ከራሱ ዙር ላይ ቆንጥሮ ለግሪዱ ይሰጣል። ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፣ ግን ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያቺ የጥቂት ሴኮንድ ፋታ ናት እኛን የምታተርፈን። ኢነርሺያ የምንለው ይህንን ነው። የነፋስና የፀሐይ ማመንጫ ከግሪዱ ጋር የሚገናኘው በኢንቨርተር፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ መለወጫ፣ ነው፤ በተለመደው አሠራሩ ይህን ፋታ በራሱ አይሰጥም።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ መጀመሪያ 2019፣ በእነሱ ኦገስት 9፣ እንግሊዝ ውስጥ መብረቅ አንድ መስመር መታ። መብረቁ ራሱ የተለመደ ነገር ነበር፣ መስመሩም ወዲያው ተመለሰ። ነገር ግን ተከትሎ ሊትል ባርፎርድ የሚባል የጋዝ ማመንጫና ሆርንሲ የሚባለው የባሕር ላይ ነፋስ ማመንጫ ተከታትለው ወደቁ፣ ትናንሽ ማመንጫዎችም ተከተሏቸው። በጠቅላላው ወደ 1,900 ሜጋ ዋት ጠፋ። ለድንገተኛ የተቀመጠው መጠባበቂያ ግን 1,000 ገደማ ነበር። ፍሪኩዌንሲው 48.8 ኸርዝ ደረሰ፣ መከላከያው በራሱ ጊዜ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ደንበኛ ቆረጠ፣ ባቡሮች መንገድ ላይ ቀሩ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ነፋስ ላይ ሊያደርግ ፈልጎ ነበር። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ሌላ ነው። ድሮ በነፃ የሚመጣው ነገር ሲቀንስ መጠባበቂያውን በቁጥር አስበህ፣ ከፍለህ፣ አስቀድመህ ማዘጋጀት አለብህ።

አሁን ወደ ሳጥንህ ልምጣ። ለናንተ ቅርብ የሚመስለኝ የአየርላንዱ የኃይል ድርጅት ኢኤስቢ ነው፣ ማኒፖይንት የሚባል ማመንጫ ነበራቸው። 3 ማሽን፣ 900 ሜጋ ዋት ገደማ፣ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሰል ሲያነድ የኖረ፣ የአገሪቱ ብቸኛው የከሰል ማመንጫ። ከሰል ማንደድ ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2025 ሰኔ ላይ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ 3 ዓመት ቀድመው፣ በ2022፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ሲንክሮነስ ኮንደንሰር መትከላቸው ነው። ይህ ማለት ተርባይን የሌለው ጄኔሬተር ነው፤ ነዳጅ አያነድም፣ ከግሪዱ ትንሽ ኃይል እየወሰደ ይሽከረከራል፣ ዘንጉ ላይ ደግሞ ትልቅ ከባድ መንኮራኩር ተገጥሞለታል። ሥራው መዞር ብቻ ነው። ከሰሉ ይሰጥ የነበረውን ያቺን ፋታ ይሰጣል፣ ቮልቴጅም ይይዛል።

ልብ በል፣ ቅደም ተከተሉን ነው የማደንቀው። መጀመሪያ ዘንጉን ተኩ፣ ከዚያ እሳቱን አጠፉ። አየርላንድ ላይ በማንኛውም ቅጽበት ከነፋስ፣ ከፀሐይና ከባሕር ማዶ መስመር የሚመጣው ኃይል ከግሪዱ ምን ያህሉን ሊይዝ ይችላል የሚል ገደብ አለ። ከአሥር ዓመት ምናምን በፊት 50 በመቶ ነበር። በ2022 75 በመቶ ደረሰ። ያ ገደብ ከፍ ያለው ነፋስ ስለተጨመረ ሳይሆን እንደዚህ ያሉ ነገሮች በትዕግሥት ስለተሠሩ ነው።

---

ሒሳብ ክፍል መለሰ፦

እህታችን የቴክኒኩን ነግራሃለች። እኔ የገንዘቡን ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ዕቅዱ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የኃይል ድርጅቶች የኢንቨስትመንት ሒሳብ ላይ ነው የምሠራው።

መጀመሪያ የ600 ጥያቄህን በቁጥር እንየው። ከሰላችሁ በዓመት የሙሉ አቅሙን 65 በመቶ ይሠራል እንበል። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ስለዚህ 3,400 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። የየብስ ነፋስ ጥሩ ቦታ ላይ 30 በመቶ ቢሰጥ ያንኑ ለማግኘት 1,300 ሜጋ ዋት መትከል ያስፈልጋል። ባሕር ላይ 45 በመቶ ካገኘህ 870 ገደማ ይበቃል። ይህም የዓመት ድምር ብቻ ነው። የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚመጣ አይነግርህም። ሥዕሉ ላይ ግራና ቀኝ ሜጋ ዋት በሜጋ ዋት ተነጻጽሮ ከሆነ የሠራው ሰው እንዲያስተካክለው በአክብሮት ጠይቁት።

አሁን ገንዘቡ። ከሰል ላይ ዋናው ወጪ ነዳጅ ነው፣ ካመነጨህ ታወጣለህ፣ ካላመነጨህ አታወጣም። ነፋስ ላይ ወጪው በሙሉ ማለት ይቻላል መጀመሪያ ቀን ነው የሚወጣው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወለድ ነው። ስለዚህ ወለድ ሲጨምር ጥሩ የነበረ ፕሮጀክት ይታመማል። የዴንማርኩ ኦርስተድ ላይ የደረሰውን ማየት ይበቃል። ድሮ ስሙ ዶንግ ኢነርጂ ነበር፣ በከሰልና በዘይት የሚታወቅ። ነዳጁን ትቶ የባሕር ነፋስ ላይ ገባ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ስሙን ቀየረ፣ የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫውን ኤስብየርግ ላይ በ2024 ዘጋ። ከዚህ የበለጠ የተሟላ ለውጥ ያደረገ ድርጅት አላውቅም። ግን በ2023 አሜሪካ ውስጥ ያቀዳቸውን ትልልቅ ፕሮጀክቶች መሰረዝና ከባድ ኪሳራ መመዝገብ ነበረበት። የዕቃ ዋጋና ወለድ ጨምሮ አስቀድሞ የተፈራረመበት የመሸጫ ዋጋ አልሸፍን አለው። መንገዱ ስህተት ነበር አልልም። ግን ለሃያ ዓመት የሚቆይ ዋጋ ሳትቆርጥ ለሃያ ዓመት የሚቆይ ብረት አትግዛ።

ሳጥኑ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለ ማሽን በዓመት 300 ሰዓት ብቻ ሊሠራ ይችላል። በድሮው አስተሳሰብ፣ ማለትም በተሸጠ ኪሎ ዋት ሰዓት ከቆጠርከው፣ ኪሳራ ነው። ግን ዘበኛ ደመወዝ የሚበላው ሌባ በመጣ ቁጥር አይደለም። ለመገኘቱ ነው የሚከፈለው። እንግሊዝ ይህን የሚያደርግ የአቅም ጨረታ በ2014 ጀመረች፤ ማመንጫው በተፈለገ ጊዜ ዝግጁ ሆኖ ለመገኘት ይከፈለዋል። የናንተ አገር ገበያ ለዝግጁነት የማይከፍል ከሆነ ያ ሳጥን ባዶ ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም አንድም ባንክ አያበድርበትም። በስብሰባው ላይ መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው፦ ለመገኘት የሚከፍለን ማን ነው?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ግቢያችሁ ውስጥ ትልቁ ሀብት ቦይለሩ አይደለም። ከግቢው የሚወጣው የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው። ዛሬ ዓለም ላይ ብዙ ነፋስና ፀሐይ ተሠርቶ ወይም ሊሠራ ታስቦ ከግሪድ ጋር የሚያገናኘው አጥቶ ወረፋ ይጠብቃል። የእንግሊዙ የኃይል ድርጅት ኤስኤስኢ ፌሪብሪጅ የሚባለውን የከሰል ማመንጫውን በ2016 ዘጋ፣ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ለ150 ሜጋ ዋት ባትሪ ወሰነ። ማኒፖይንትም ቢሆን ወደ ደብሊን አካባቢ የሚሄዱ የ400 ኪሎ ቮልት መስመሮች አሉት፣ ኢኤስቢ ቦታውን ያልለቀቀው ለዚህ ይመስለኛል። መስመሩን የሚያስረክብ ድርጅት የወደፊቱን አስረከበ ማለት ነው።

---

ፈረቃ ሦስት መለሰ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የዘንጉን ነገር 11 ዓመት አጠገቡ ቆሜ እንደዚህ አስቤው አላውቅም።

ግን ባትሪው ላይ አልረጋሁም። 150 ሜጋ ዋት ባትሪ ለስንት ሰዓት? እኔ እንደሰማሁት ሁለት ሰዓት፣ ቢበዛ አራት። በክረምት ነፋስ ለሦስት ቀን የሚተኛበት፣ ሰማዩም የሚጠቁርበት ጊዜ አለ። እኛ በዚያን ጊዜ ነው ሙሉ አቅማችንን የምንሠራው። ያን ቀን ማን ይሸከመዋል?

---

ሃምሳ ኸርዝ መለሰች፦

ልክ ነህ፣ ባትሪው አይሸከመውም። አስተዳደራችሁ «ባትሪ እና የመሳሰሉት» ሲል «የመሳሰሉት» የምትለዋ ቃል ናት ከባዱን ሸክም የያዘችው። እኛ ክፍል ውስጥ ነገሩን የምናስበው በጊዜ ርዝመት ነው። ሴኮንድ፣ ሰዓት፣ ቀን። እያንዳንዱ የየራሱ መሣሪያ አለው፣ አንዱ የሌላውን አይሠራም።

ሴኮንዱን የሚይዙት ያ የሚዞር ብረትና ባትሪ ናቸው። ባትሪ እዚህ ላይ ከናንተ ማሽን በብዙ ይበልጣል፣ ይህን ሳልሸሽግ ልንገርህ። አንተ ቫልቭ ከፍተህ እንፋሎቱ ተርባይኑን እስኪገፋ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቀዋለህ፤ ባትሪ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል። ደቡብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2016 መስከረም ላይ በማዕበል ምክንያት ግዛቱ በሙሉ ጨለመ። በዓመቱ ሆርንስዴል የተባለ ቦታ ላይ 100 ሜጋ ዋት ባትሪ ተከሉ፣ በጊዜው ከዓለም ትልቁ። ዋና ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ከተማ ማብራት አልነበረም፣ ፍሪኩዌንሲ መያዝ ነበር። ባትሪ ብቻውን አልበቃቸውም፣ በኋላ 4 ሲንክሮነስ ኮንደንሰርም ጨመሩ።

ሰዓቱን፣ ማለትም ፀሐይ ጠልቃ ሰው ቤቱ ሲገባ ያለውን ምሽት፣ የሚይዙት ባትሪና ውሃ ወደ ላይ የሚገፉ ጣቢያዎች ናቸው። ኃይል ሲተርፍ ውሃውን ወደ ላይኛው ግድብ ትገፋለህ፣ ሲጎድል ትለቀዋለህ። ዌልስ ውስጥ ተራራ ሆድ ውስጥ የተሠራው ዲኖርዊግ በ1984 ተመርቆ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ 1,728 ሜጋ ዋት ነው። ማሽኖቹ በአየር እየዞሩ ከጠበቁ በ12 ሴኮንድ ውስጥ ከ1,300 ሜጋ ዋት በላይ ይሰጣል። ሙሉ ሆኖ ከጀመረ ለሰዓታት ይቆያል። ለቀናት ግን አይቆይም።

ቀኑ ነው ከባዱ። እዚህ ላይ ሰው እንዲያታልልህ አትፍቀድ። የሦስት ቀን ጭጋግን የሚይዘው ትልቅ ግድብ ካለ እሱ፣ ከሌላ አገር የሚመጣ መስመር ካለ እሱ፣ ካልሆነ ደግሞ ነዳጅ የሚያነድ ነገር ነው። ዛሬ አብዛኛው ቦታ ላይ ያ ማለት የጋዝ ተርባይን ወይም የጋዝ ሞተር ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ይነሣል፣ ነፋሱ ሲመለስ ይጠፋል። ማኒፖይንት እንኳ ከሰሉን ቢያቆምም ማሽኖቹን አልነቀለም። ለክፉ ቀን በዘይት እንዲነሡ እስከ 2029 ድረስ በመጠባበቂያነት ተቀምጠዋል። ይህ ለጆሮ ደስ አይልም። ግን ሐቀኛ ዕቅድ እንደዚህ ነው የሚመስለው፣ ጨለማውን ሳምንት በስሙ ጠርቶ ለሱ የሚሆን ነገር ያስቀምጣል።

የምንረሳው ሌላ ነገር ፍላጎቱን ራሱን ማንቀሳቀስ ነው። ትልቅ የውሃ ፓምፕ፣ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ፣ እነዚህ ሁሉ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ቢገፉ ማንም አይጎዳም። አስቀድሞ ውል ተገብቶ ከተከፈለበት ከማሽን እኩል እቆጥረዋለሁ። ስልክ ደውዬ 50 ሜጋ ዋት ከሚጨምርልኝ ሰውና 50 ሜጋ ዋት ከሚቀንስልኝ ሰው መሃል ለኔ ልዩነት የለም።

---

ንጹሕ አየር መለሰች፦

ሁሉንም በትኩረት አነበብኩ፣ ብዙ ተማርኩበት። ግን ጋዙ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ስንት ጊዜ ነው «ለመሸጋገሪያ ብቻ» የተባለ ነገር ቋሚ ሲሆን ያየነው? ጋዝ ለተመሳሳይ ኃይል ከከሰል ግማሽ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ እሺ። ግን ከጉድጓዱና ከቧንቧው ላይ የሚያፈተልከው ሜቴን አለ፣ እሱ ሙቀት በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በብዙ እጥፍ የከፋ ነው። አንዴ ከተገነባ ደግሞ ባለቤቱ ገንዘቡን ለማስመለስ ብዙ ሰዓት ማሠራት ይፈልጋል። ከሰል ዘግቶ በየቀኑ የሚሠራ ጋዝ መክፈት ለኔ ለውጥ አይደለም።

የእንጨቱንም ነገር አንሡት። እንግሊዝ ያለው ድራክስ የሚባል ማመንጫ ከ6 የከሰል ማሽኖቹ 4ቱን ተፈጭቶ የተጠቀጠቀ እንጨት (ፔሌት) ማንደጃ አድርጎ ቀየረ፣ ለታዳሽ ኃይል ተብሎ ከፍተኛ ድጎማ ወሰደ። እንጨቱ ግን በአብዛኛው ከሰሜን አሜሪካ በመርከብ ነው የሚመጣው። ዛፍ ለማደግ አሥርት ዓመታት ይፈጃል፣ የሚነደው በደቂቃ ነው። በወረቀት ላይ ዜሮ ስለተባለ አየሩ ላይ ዜሮ አይሆንም። ያው ድርጅት ስኮትላንድ ውስጥ ክሩዋካን የሚባለውን 440 ሜጋ ዋት የውሃ ማጠራቀሚያ ጣቢያ ገዝቷል፣ ያንን አደንቃለሁ። ስለዚህ ፈረቃ ሦስት፣ ሳጥናችሁ ውስጥ እንጨት ካለ ከየት እንደሚመጣ ጠይቅ፣ ጋዝ ካለ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በጽሑፍ ጠይቅ።

---

ሒሳብ ክፍል መለሰ፦

«በዓመት ስንት ሰዓት» ያልሽው ነው ዋናው ነገር። እስቲ በቁጥር አብረን እንየው። 200 ሜጋ ዋት የጋዝ ተርባይን በዓመት 300 ሰዓት ቢሠራ 60 ጊጋ ዋት ሰዓት ነው። ከሰሉ 3,400 ነበር። ከ2 በመቶ በታች ማለት ነው። በካርቦን ብትቆጥሪው፣ ከሰሉ በሜጋ ዋት ሰዓት 0.9 ቶን፣ ቀላሉ ተርባይን 0.55 ቶን ያወጣሉ ብለን ብንይዝ፣ ከ3 ሚሊዮን ቶን ወደ 33,000 ቶን ይወርዳል። ያው ተርባይን ግን 5,000 ሰዓት ቢሠራ 550,000 ቶን ይሆናል። ማሽኑ አንድ ነው። ልዩነቱ ውሉ ላይ ነው።

ስለዚህ ከጋዝ ነፃ ዕቅድ ካለ እሰየው። ከሌለ ግን የሰዓት ጣሪያው ፈቃዱ ላይ ይጻፍ፣ ገቢውም ከዝግጁነት እንጂ ከሽያጭ እንዳይሆን ይደረግ። ባለቤቱ ብዙ በማሠራት የማያተርፍ ከሆነ ብዙ አያሠራም።

---

የቦይለር ሰው መለሱ፦

ልጆች፣ ሁላችሁም በጎ ተናግራችኋል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። 29 ዓመት ከሰል ማመንጫ ላይ ሠርቼ ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ አልተመለሰም፣ እሱን ልሞክር።

እኛ ጋ የተደረገውን በቁጭት ነው የማስታውሰው። የመዝጊያው ቀን ተነገረን፣ ሥልጠና ይሰጣችኋል ተባልን፣ ሥልጠናው ግን ከተዘጋ በኋላ ተባለ። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ጎበዝ ጎበዙ ልጅ አልጠበቀም። መሣሪያ ክፍል የነበሩት፣ ኤሌክትሪሻኖቹ፣ ሌላ ቦታ ሥራ ያገኙት ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ሄዱ። የቀረነው እኛ ዕድሜያችን የገፋው ነበርን። የመጨረሻዎቹን ሁለት ክረምቶች፣ ግሪዱ በጣም በሚፈልገን ጊዜ፣ ያረጀ ማሽን በጎደለ ፈረቃ ነው የነዳነው። ድርብ ፈረቃ ሠርቼ ቆሜ ያንቀላፋሁበት ሌሊት አለ። እግዚአብሔር ጠበቀን እንጂ አደጋ ሊደርስ ይችል ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ለሚቆይ ሰው የተለየ ክፍያ ባለመኖሩ ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

ስለዚህ አንተ ፈረቃ ሦስት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው ቀኑን ነው። ሥልጠናው የሚጀመረው መቼ ነው? ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት በፊት ካልሆነ ለናንተ አይደርስም።

ሁለተኛ፣ ሙያህን አታሳንሰው። ያ ሲንክሮነስ ኮንደንሰር የሚሉት ነገር እኮ የምታውቀው ዕቃ ነው። ተሸካሚ ቤሪንግ አለው፣ የቅባት ዘይት ሲስተም አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ንዝረቱን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል። ተርባይን ክፍል 11 ዓመት የቆየ ሰው በወራት ውስጥ ይለምደዋል። ጋዝ ተርባይንም እንደዚሁ። የማብሪያ ማጥፊያ ግቢው፣ ትራንስፎርመሩ፣ የሥራ ፈቃድ አሰጣጡ፣ ያ ሁሉ ባትሪ ቢመጣም ይኖራል። የሚጠፋው የከሰል ማጓጓዣው፣ ወፍጮው፣ ቦይለሩና አመዱ ነው። እዚያ ያሉ ወንድሞቻችሁን ነው አስቀድማችሁ ማሰብ ያለባችሁ። ቁጥሩንም ልሸፍነው አልችልም፤ ባትሪ ግቢ የሚጠብቀው ሰው ከሰል ማመንጫ ከሚያሠራው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሁሉም ሰው በዚያው ግቢ ሥራ ያገኛል የሚል ካለ አትመኑት።

መፍትሔ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2020 ከሰልን በሕግ ለመዝጋት ሲወስኑ ዕድሜው 58 የደረሰ የከሰል ሠራተኛ ጡረታው እስኪደርስ እስከ 5 ዓመት የሚከፈለው ገንዘብ አብረው በሕግ አስገቡ። እስፔን ውስጥ ደግሞ ቴሩኤል በሚባል አካባቢ፣ አንዶራ ከተማ ላይ፣ አንድ 1,100 ሜጋ ዋት የከሰል ማመንጫ በ2020 ተዘጋ። ያ ቅድም ሒሳብ ክፍል ያለው መስመር አለ አይደል፣ መንግሥት ያንን መስመር ለጨረታ አወጣው። ያወጣው ግን ለአካባቢው ሰው ምን ያህል ሥራና ሥልጠና ታመጣላችሁ በሚል መስፈርት ጭምር ነው። ወደ 1,200 ሜጋ ዋት ለሚሆነው የነፋስና የፀሐይ ማገናኛ ያሸነፈው ያንኑ ማመንጫ የዘጋው ኩባንያ፣ ኢንዴሳ ነው። መስመሩን እንዳያጣ ለሕዝቡ ቃል መግባት ነበረበት። እኔ ይህን ሳነብ፣ እኛም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ብናውቅ ኖሮ ብዬ አዘንኩ። መስመሩ በእጃችን እያለ አንድም ነገር አልጠየቅንበትም።

---

ንጹሕ አየር መለሰች፦

ጋሼ፣ ስላካፈሉን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ከአየር ብክለት ጎን ቆሜ ስከራከር ብዙ ጊዜ የመዝጊያ ቀን ብቻ ነው የምጠይቀው። የሥልጠና መጀመሪያ ቀንም አብሮ መጠየቅ እንዳለበት ከዛሬ በኋላ አልረሳውም።

---

ፈረቃ ሦስት መለሰ፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እህቶቼና ወንድሜም እንዲሁ። ትናንት ሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ ሁሉንም ደጋግሜ አነበብኩት።

ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ተነጋግሬ በሚቀጥለው ሐሙስ ስብሰባ ላይ በጽሑፍ ለማቅረብ ተስማምተናል። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ ከሰሉ ከመጥፋቱ በፊት የማሽኖቹን ኢነርሺያ የሚተካው ምን እንደሆነና መቼ እንደሚተከል። ነፋስ ለሦስት ቀን ቢቆም በስም የትኛው ማመንጫ እንደሚሠራ፣ ጋዝ ከሆነም በዓመት የሚፈቀድለት ሰዓት። ለዝግጁነት የሚከፍል ውል መኖር አለመኖሩ። መስመሩ በማን እጅ እንደሚቀር። የሥልጠናው መጀመሪያ ቀን። እስከ መጨረሻ ለሚቆይ ሠራተኛ የሚከፈለው። የከሰል ማጓጓዣና የአመድ ክፍል ልጆች ዝርዝር ደግሞ ለብቻው፣ በስማቸውና በዕድሜያቸው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ሃምሳ ኸርዝ። የኛን አንዱን ጄኔሬተር ራሱን ከተርባይኑ ነቅሎ ወደ ሲንክሮነስ ኮንደንሰር መቀየር ይቻላል ወይስ አዲስ መግዛት ግድ ነው?

---

ሃምሳ ኸርዝ መለሰች፦

ይቻላል፣ የተደረገበት ቦታም አለ። ግን የጄኔሬተሩ ጤንነት ይወስነዋል። የስቴተሩ (የማይዞረው ክፍል) የሽቦ መጠቅለያ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተጠገነ፣ የሮተሩ (የሚዞረው ክፍል) የፍተሻ ውጤት ምን እንደሚል ያስፈልጋል። ተርባይኑ ሲነቀል ክብደቱም አብሮ ስለሚሄድ መንኮራኩር መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ማስነሻም ይፈልጋል፣ ምክንያቱም እንፋሎት ከሌለ ወደ 3,000 ዙር የሚያደርሰው ነገር የለም። የጥገና መዝገቡን ማግኘት ከቻልክ ከሐሙስ በፊት እዚሁ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።